ኩንታል በመጽሐፍ

ወንድሜ አሥራት መጽሐፍ የሚገዛው እንደ በግ ነው፤ ያነሳል፣ ይመዝናል፣ ሽንጡን ይዳብሳል። ከከበደው ይገዛል። ከቀለለው «ይሄ ደግሞ ምን አለው?» ብሎ ይመልሳል። እንግሊዝኛ አያነብም፤ የሚያነብለት ሰው ግን አለው፣ እሱም እኔ እኅቱ ሮማነወርቅ ነኝ። ስለዚህ እሱ በገዛው መጽሐፍ ሁሉ ፍዳዬን የማየው እኔ ነኝ።

ይህ የሆነው በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ሰበታ ውስጥ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር፣ አሥራት የዱቄት ፋብሪካው መጋዘን ኃላፊ ነበር። በልጅነቱ የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ዳዊት ደግሟል። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ የሚባል ነገር ሲያይ መጀመሪያ ይሳለማል፣ ቀጥሎ ያምናል። መጠየቅ የሚባለው ሦስተኛው ነገር ለእሱ አልተፈጠረለትም።

በጥምቀት ሰሞን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ፋብሪካዎች በግንቦት ቡራዩ ላይ የክብደት ማንሳት ውድድር ሊያደርጉ ተስማሙ ተባለ። የእኛው ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን ሰበሰበና ከጫኝና አውራጆቹ መካከል ደገፋን አስወጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ኩንታል በጀርባው የሚያመላልስ ሰው ኩንታል ከራሱ በላይ ማንሳት አያቅተውም። ቡራዩ ላይ መቶ ኪሎ ያንሳ እንጂ በማግሥቱ ቋሚ ሠራተኛ አደርገዋለሁ» አለ። ሕዝቡም አጨበጨበ።

ቋሚ መሆን ለደገፋ ምን ማለት እንደነበር ልናገር። ስድስት ዓመት ሙሉ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሠርቷል። ክረምት ሲገባ እህሉ ያልቃል፣ ፋብሪካው በግማሽ ጉልበቱ ይሠራል፣ የቀን ሠራተኛው በሰኔ ይሰናበትና መስከረም ላይ ዕድሉ ካለ ይመለሳል። ደገፋ የዚሁ አገር ገበሬ ልጅ ነው፤ የአባቱ መሬት ግን ለአራት ወንድማማች ተከፋፍሎ ለእሱ የደረሰው የአንዲት ላም መዋያ አይሆንም። ሚስቱ ተረፈች ሁለት ልጆች አሏት፣ ሦስተኛው በሆዷ ነበር። ከእነሱ ጋር በአጥር ብቻ ነው የምንለያየው፣ በክረምት ምን እንደሚበሉና ምን እንደማይበሉ አውቃለሁ።

«ማን ያሠለጥነዋል?» ሲባል አሥራት እጁን አወጣ። «መጽሐፍ ይኖረዋል። መጽሐፍ የሌለው ሙያ የለም» አለ። መካኒኩ ከድሩ ከአሮጌ ካሚዮን አክስል ብረት ሠራላቸው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚገቡ ክብ ብረቶችም ቆርጦ በመጋዘኑ ሚዛን እየለካ ቁጥር ጻፈባቸው። ደገፋ በመጀመሪያው ቀን ያለ ማንም ምክር ሰማንያ አምስት ኪሎ ከመሬት ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ላይ አነሳ። ያን ቀን ሁላችንም ዝም ብለን ወደየቤታችን ብንሄድ ኖሮ ምንኛ ጥሩ ነበር።

አሥራት በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄዶ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ሽፋኑ ላይ ቅቤ የተቀባ የሚመስል ራቁቱን የቆመ ፈረንጅ አለ፣ ደረቱ እንደ ሁለት ድፎ ዳቦ የተነፋ። ውስጡም እንደዚያው ሥዕል በሥዕል ነው። ተቀምጬ አነበብኩት። መስታወት ፊት ቁም ይላል። ክንድህን እጠፍ፣ ዘርጋ ይላል። በቀን ሁለት ሊትር ወተት ጠጣ፣ ስድስት እንቁላል ብላ፣ ማታ ማታ ሥጋ አይለይህ ይላል። ሁዳዴ ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አልኩት። «አሥራት፣ ይሄ እኮ ክንድ ለማሳመር የተጻፈ ነው። ብረት ከራስ በላይ ስለማንሳት አንዲት መስመር የለበትም።»

«ሥዕሉን አታይም እንዴ? ይህን ያህል ጡንቻ ያለው ሰው ምን ያቅተዋል?»

«ብረት ይዞ የቆመበት ሥዕል አለ? አሳየኝ!»

ገለበጠ፣ ገለበጠ፣ አላገኘም። «ወተቱን ትተን ሌላውን እንሠራለን» አለ። ደገፋም «ጋሪዳ፣ ጋሼ» አለ። ደገፋ ለሁሉም ነገር «ጋሪዳ» ነው የሚለው፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ገደል ግባ ቢሉትም ጋሪዳ የሚል ይመስለኝ ነበር፣ እሱም ያናድደኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ክንዱን ሲያጥፍና ሲዘረጋ ሰነበተ። ክንዱ አበጠ፣ ብረቱ ግን ከሰማንያ አምስት ወይ ፍንክች።

ሁለተኛው መጽሐፍ ሁዳዴ ከገባ በኋላ መጣ። ይህን እንኳ አሥራት በብብቱ መያዝ አቅቶት በጆንያ ነው ያመጣው። የሐኪም ቤት ተማሪ የሚያነበው ስለ አጥንትና ስለ ጅማት የተጻፈ መጽሐፍ ነበር። እያንዳንዱ አጥንት ስም አለው፣ እያንዳንዱ ስም ደግሞ ምላስ ይሰብራል።

«ወደ ትከሻና ወደ ጀርባው ልለፍ?» አልኩ።

«አይሆንም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። መጽሐፍ ከመካከል አይጀመርም፣ ከመካከል የሚገባ ሌባ ነው።»

መጽሐፉ ደግሞ የሚጀምረው ከእጅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ መጋዘኑ እየሄድኩ ስለ እጅ አጥንት አነበብኩ። ደገፋ ጆንያ ላይ ተቀምጦ እጁን ይዘረጋል፣ አሥራት አንጓውን እየዳበሰ ይጠይቀዋል።

«አንጓህ ላይ ስንት አጥንት አለ?»

«ስምንት፣ ጋሼ።»

«ጎበዝ!»

ስምንት አጥንት ማወቁ ግን አንድ ኪሎ እንኳ አላስጨመረውም። በዚያ ፍጥነት ትከሻው ጋ የምንደርሰው ለሚመጣው ጥምቀት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ለማንም ሳልናገር በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄድኩ። ፒያሳ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ነበሩ። ሻጩ እንደተለመደው የሚያብለጨልጨውን አነሳልኝ። አልፈልግም አልኩት። ያለውን ሁሉ አስዘርግፌ አንድ በአንድ አየሁ። ጸሐፊው ማን ነው? ራሱ ጡንቻውን የሚያሳይ ነው ወይስ ሌሎችን ያሠለጠነ? እኛ የምንፈልገውን አነሳስ ያስተምራል? በየሳምንቱ ስንት ኪሎ እንደሚጨመር ይናገራል? ብረቱ እምቢ ሲል ምን ይደረጋል ይላል? ከአሥራ ሁለት መጽሐፍ አንድ ብቻ ተረፈ። ቀጭን ነው፣ ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ሥዕሉም በእርሳስ የተጫረ ነው። የጻፈው ሃያ ዓመት ጀማሪዎችን ያሠለጠነ ሰው ነው። መጨረሻው ላይ የአሥር ሳምንት ሰንጠረዥ አለ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ምን ያህል ኪሎ፣ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ በቁጥር ተቀምጧል። እስከ ውድድሩ አሥራ አንድ ሳምንት ቀርቶን ነበር። ደስ ብሎኝ ገዛሁት።

አሥራት በመዳፉ መዘነው። «ይሄ ደግሞ ምን አለው?» አለ።

«የምትፈልገው ሁሉ አለው!» ብዬ ጮህኩበት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፣ የሰው ብቻ እያወራሁ አልዘልቅም። ከሰንጠረዡ በፊት አርባ ገጽ ጽሑፍ ነበር። የስድሳ ሁለት ተማሪ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል። አርባውን ገጽ ገለጥ ገለጥ አድርጌ ምክር ነገር መሰለኝና ተውኩት፤ ሰንጠረዡን ብቻ በአማርኛ ገልብጬ በደብተር ወረቀት ጻፍኩና መጋዘኑ በር ላይ ለጠፍኩላቸው። እንደ ትልቅ ሰው ተኩራርቼ ወደ ፈተናዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ወደ መጋዘኑ አልሄድኩም። በመንገድ ሳልፍ ደገፋን አየዋለሁ፣ «አካም ጂርታ?» ብዬ ደህንነቱን እጠይቀዋለሁ፣ «ፈየዳ፣ እትዬ» ይለኛል። ፊቱ ግን እየጠቆረ ሄደ። ጾሙ ነው አልኩ። አሥራትን «ስንት ደረሰ?» ስለው «እየሠራን ነው» ይለኛል።

የሆሣዕና ሰሞን ተረፈች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣች። እርጉዝ ሴት ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ ስትመጣ በደህና አይደለም ብዬ ከክፍል ወጣሁ።

«እትዬ ሮማነ፣ ባሌን ምን አደረጋችሁት?» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ልጁን ማቀፍ አቃተው። ትናንት ጆንያ ከጀርባው ወደቀ፣ ዱቄቱ መሬት ፈሰሰ። አለቃው አይቷል። ዋቃዮ! ቋሚው ቀርቶ የቀኑን ሥራ እንዳያጣ ነው የፈራሁት። እርስዎ ነዎት አሉ ወረቀቱን የጻፉት።»

ተማሪዎቹን ለሌላ አስተማሪ ትቼ መጋዘኑ ገባሁ። ወረቀቴ በሩ ላይ አለ፣ ነገር ግን በቀይ እርሳስ ተዥጎርጉሯል። በየቁጥሩ አጠገብ ሌላ ቁጥር ተጽፏል፣ ከሥሩም «ማሟያ» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

አሥራት በኩራት አስረዳኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ማርያም፣ ረቡዕ ጊዮርጊስ ሆነ። በበዓል ብረት አይነሳም። ስለዚህ የሰኞውና የረቡዑ ድርሻ ለዓርብ ተላለፈ፤ ደገፋ ዓርብ ዕለት የሦስት ቀኑን በአንድ ቀን አነሳ። ከዚያ አንድ ሰኞ አቦ፣ በሳምንቱ ሰኞ ሚካኤል፣ በሳምንቱ ሰኞ ገብርኤል። የዚያን ዓመት ሰኞን ቅዱሳኑ ተከፋፍለውት ነበር፤ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ደገፋ የሁለት ቀን ያነሳል።

«አብደሃል?»

«ዳዊት እንዴት ነው የሚደገመው? የየዕለቱ ድርሻ አለው። የሰኞውን ያጎደለ በማግሥቱ ከማክሰኞው ጋር ደርቦ ይደግማል። የኔታ አንዲት ቀን አጉድለን እንድናልፍ አልፈቀዱልንም። መጽሐፍ በጎደሎ አይቆጠርም!»

«አሁን ስንት ኪሎ ያነሳል?»

ፊቱን ወደ ጆንያዎቹ አዞረ። ከድሩ ከወዲያ ሆኖ «ሰባ» አለኝ። ከሰማንያ አምስት ወደ ሰባ። እያደር ቃሪያ ማለት ይሄ ነው።

«ኪሎው በወረደ ቁጥር ማሟያውን ጨመርኩለት እኮ!» አለ አሥራት።

ቦርሳዬን ከፍቼ መጽሐፉን አወጣሁና ያልተረጎምኩትን ገጽ መፈለግ ጀመርኩ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ አገኘሁት። እዚያው ቆሜ በአማርኛ አነበብኩለት፦ «ያመለጠህ ቀን አምልጧል፣ አትከተለው። ሰው የሚጠነክረው ሲያነሳ አይደለም፤ ካነሳ በኋላ ሲያርፍ ነው። ኪሎህ ከወረደ ሥራ አትጨምር፣ ዕረፍት ጨምር።»

አሥራት መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ገጹን አየው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ይመስል። ከዚያ ቀስ ብሎ «ታዲያ ይሄ ተጽፎ ሳለ ለምን አላነበብሽልንም?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ደገፋ ጥግ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። «ጋሪዳ፣ እትዬ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባውን ገጽ በየቀኑ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። በሰሙነ ሕማማት ብረቱ አይነካ ተባለ። በስቅለት ዕለት ግን ደገፋ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሲሰግድ ዋለ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ ስግደቱን ስቆጥር ሦስት መቶ ላይ ጠፋኝ። መጽሐፉ ስለ ስቅለት የሚለው የለም፤ እኔም ስግደት ተው የምልበት አፍ የለኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ዕለት ከጸሎቱ ይልቅ የደገፋን ጉልበት ሳስብ ነው የዋልኩት።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ተቃና። የጾሙ ድካም ለቀቀው፣ ተረፈች እንቁላሉን ሳትሸጥ አበላችው፣ ማሟያ የሚባለው ነገር ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ሰማንያ አምስት ተመለሰ። ከዚያ ዘጠና፣ ከዚያ ዘጠና አምስት ሆነ። ዘጠና አምስቱን ያነሳ ዕለት አሥራት መጽሐፉን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሳመው። ተረፈች በአጥሩ በኩል ጠርታኝ «ክረምቱን እዚሁ ልንከርም ነው መሰለኝ» ብላ ሳቀች። እኔም አምኜ ነበር።

ውድድሩ እሑድ ነበር። በፋብሪካው ካሚዮን ቡራዩ ሄድን። ሜዳው ላይ ሕዝብ ተኮልኩሏል፣ ሥራ አስኪያጃችን ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሙከራ ይፈቀዳል። ደገፋ ዘጠና አምስቱን በመጀመሪያው አነሳ። መቶ ተጫነ። ወደ ትከሻው አደረሰው፣ ቆመ፣ ወደ ላይ ገፋው፣ ክንዱ ሳይዘረጋ ብረቱ ወደ ፊት ወደቀ። ሦስተኛውን ሲሞክር ደግሞ ትከሻው ላይ እንኳ በደንብ አልተቀመጠለትም። አንድ የሱሉልታ ልጅ መቶ አምስት አንስቶ በትከሻ ተሸከሙት። ሥራ አስኪያጁ ደገፋን «አይዞህ፣ ለከርሞ» ብሎት ወደ መኪናው ሄደ።

ስንመለስ ካሚዮኑ ላይ ሦስታችን ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እኔ አላስቻለኝም።

«ደገፋ፣ ምን ነካህ? ትከሻህ ላይ ደርሶልህ ነበር እኮ!»

«የትከሻዬ ድካም አልለቀቀኝም፣ እትዬ። ዓርብ ባለ ተሳቢ ካሚዮን ጫንን።»

«ዓርብ? ከውድድር በፊት ሦስት ቀን ይረፍ ብዬ አንብቤላችሁ የለም?»

«ብረቱን አልነካሁም። ከብረቱ አርፌአለሁ።»

«ስንት ጫናችሁ?»

«መቶ ሰማንያ ኩንታል፣ ለስድስት ሰው።»

በራሴ ጭንቅላት አካፈልኩት። ሠላሳ ኩንታል በአንድ ቀን፣ በአንድ ጀርባ። ይህን ሰው በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀርባው ዱቄት ለብሶ አየዋለሁ። አርባ ገጽ ስተረጉም፣ ሰኞና ረቡዕ እያልኩ ቀን ስቆጥር፣ አንድም ቀን ጆንያው ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትጭኑት?» አልኩት።

«ዱሮ እንኳ አይደለም። ኦቦ ኢቲቻ፣ የጫኞቹ አለቃ ካቧችን፣ ተሳቢ የጫነ ሰው በማግሥቱ መርፌና ሲባጎ ይዞ የጆንያ አፍ እየሰፋ ይዋል ይላሉ። የሰው ጀርባ እንደ በሬ ጀርባ ነው፣ ትናንት ያረሰ ዛሬ አይጠመድም ይላሉ። እኔን ግን ከጥምቀት ወዲህ መርፌ አልሰጡኝም።»

«ማን ከለከለህ?»

ደገፋ ወደ አሥራት አየ። አሥራት ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ ነኝ ለኢቲቻ የነገርኩት። ጀግና ልጅ ሴት ይመስል ተቀምጦ ሲሰፋ አይዋል፣ ከባድ ከባዱን ስጡት፣ ይጠንክር ብዬ። መጽሐፉ ዕረፍት ሲል ከብረቱ መሰለኝ። ጆንያው ሥራው ነው።»

«ጀርባው እኮ አንድ ነው፣ አሥራት! ለብረት አንድ፣ ለጆንያ ሌላ ጀርባ አለው?»

ወደ ደገፋ ዞርኩ። በዚያን ጊዜ ከሁሉም በላይ የተናደድኩት በእሱ ነበር። «አንተስ? ታውቅ ነበር አይደል? ማሟያውንም፣ ተሳቢውንም እንደማይሆን ታውቅ ነበር። አፍ የለህም? ለምን አትናገርም?»

ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቶኝ አያውቅም።

«እናንተ ከመጽሐፍ እየተናገራችሁ እኔ ከጀርባዬ ልናገር?» አለ።

ካሚዮኑ ሰበታ ሲገባ መጀመሪያ የወረደው እሱ ነበር።

ሰኞ ጧት አሥራት መርፌውንና ሲባጎውን ራሱ ይዞ ሄዶ ለደገፋ ሰጠው። ኦቦ ኢቲቻንም ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ወንድሜ ሰውን ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደገፋ ሁለት ሳምንት የጆንያ አፍ ሲሰፋ ዋለ። በግንቦት ማለቂያ ዓርብ ዕለት ከሥራ በኋላ ከድሩ ብረቱን መጋዘኑ መካከል አመጣና ቁጥሮቹን አሳይቶን መቶ ኪሎ ጫነበት። ማንም ያንሳ አላለውም። ደገፋ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካ፣ ተነሳ፣ እጁን ዱቄት አስነካ። ብረቱ ትከሻው ላይ ወጣ፣ ከዚያ ከራሱ በላይ ሄደና ቆመ። ኦቦ ኢቲቻ በኦሮምኛ ቀስ ብለው አምስት እስኪሉ ድረስ ይዞት ቆየ። ከዚያ አወረደውና ተመልሶ መስፋቱን ቀጠለ።

እኔ እየሮጥኩ ወደ ቢሮው ወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ነበር።

«ደገፋ መቶ ኪሎ አነሳ! አሁን፣ መጋዘን ውስጥ፣ አራት ሰው አይቷል!» አልኩት።

«ጎበዝ ነው» አለኝ። «ግን ውድድሩ አልፏል፣ ወይዘሪት። ለክረምት የሚቀነሱት የቀን ሠራተኞች ስም ዛሬ ጧት ተለጥፏል፣ የእሱም አለበት።»

ወደ መጋዘኑ ስመለስ አሥራት በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቴን አይቶ መንገዱን ለቀቀልኝ። ደገፋ ውስጥ ነበር፤ የያዘውን ጆንያ አፍ ሰፍቶ ጨረሰና ሌላ አነሳ።